ቀጥቃጩ ምን ይፈልጋል?

የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ሲያትል ነው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ከጓደኞቿ ጋር ለምትጫወተው ጨዋታ የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አጎቴ፣ እናንተ አገር ቀጥቃጭ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«ይባላል» አልኳት።

«በጣም አሪፍ ነው!» አለችና መጻፍ ጀመረች።

ዝም አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጓደኞቿ ከአውሮፓ ተረት ድንክና ዘንዶ ሲያመጡ፣ እሷ ከእኛ ተረት አንድ ሰው ልታመጣ ነው። እኛ ወላጆችና አጎቶች ስንት ዓመት «ባህላችሁን እወቁ» እያልን ስንጎተጉታቸው ኖረናል። አሁን አንዷ ልታውቅ ስትነሳ ደግሞ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቆረጠኝ። ይህ ጽሑፍ ያ የቆረጠኝ ነገር ምን እንደነበር ለመረዳት የሞከርኩበት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ዛሬ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት መቀመጫው ሬንተን ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት የሲያትሉ ሬኒየር ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወርድ የሚያደርሰው እዚያችው ሬንተን ነው። ጨዋታው ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ካለ ይበቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሆናል፤ ተዋጊ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ። አንዱ ደግሞ ጨዋታ መሪ ነው። ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ሁሉም የእሱ ነው። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት፣ የበር ጠባቂው፣ ለማኙ፣ ነጋዴው፣ ሁሉም በመሪው አፍ ይናገራሉ። እነዚህን ሰዎች በእንግሊዝኛ ምህጻር «ኤንፒሲ» ይሏቸዋል፤ ተጫዋች የሌላቸው ገጸ ባህርያት ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ሲያወሩ አያ ጅቦን በወፍራም ድምፅ፣ ጦጢትን በቀጭን ድምፅ ያናግሯቸው ነበር። ልዩነቱ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አድማጩ ተነስቶ አያ ጅቦን ጥያቄ መጠየቅ መቻሉ ነው። ስለዚህ መሪው መልስ ማዘጋጀት አለበት።

ልምድ ያላቸው መሪዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው። ለገጸ ባህርዩ ስም ስጠው። ተጫዋቾች እንዳይረሱት አንድ ጎላ ያለ ምልክት ጨምርለት፤ አንካሳነት፣ ሳቅ፣ ጠባሳ። ድምፅ አውጣለት። የሚፈልገው አንድ ነገር ይኑረው። የሚደብቀው አንድ ነገርም ይኑረው። ከዚያ በላይ አትድከም፤ ታሪኩ የተጫዋቾቹ እንጂ የእሱ አይደለምና።

የመጨረሻዋ ምክር ላይ ቆም እንበል። ይህ ሰው የተፈጠረው ለሌሎች ታሪክ ነው። ጀግኖቹ ወደ መንደሩ ሲገቡ ይነቃል፤ ሲወጡ ይጠፋል። ሰይፍ ይሸጥላቸዋል፣ መንገድ ያሳያቸዋል፣ ወይም ይሞትላቸዋል። ታዲያ እንዲህ ያለን ሰው መበደል ይቻላል?

ፈጣኑ መልስ አይቻልም ነው። የሌለ ሰው አይታመምም። የደብተር ቀጥቃጭ አይርበውም፣ ልጁም አታለቅስም። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ልሽረው አልሞክርም። በወረቀት ጭራቅ ላይ ዳይስ የጣለ ልጅ ነገ ሰው ይገድላል የሚሉ ሰባኪዎች በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነበሩ፤ ጨዋታውን የሰይጣን አምልኮ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ልጆቹ ግን አደጉ፤ መምህርም መሐንዲስም ሆኑ። ጨዋታ ጨዋታ ነው።

የእህቴ ልጅ ቀጥቃጭ ግን ከሌላው ይለያል። እሱ የተፈጠረው እዚያ ቅዳሜ አይደለም። የተፈጠረው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ደራሲዎቹም እኛ ነን።

እስቲ ቡዳን በመሪው ደብተር አሠራር እንጻፈው። ስም፦ የለውም፤ «ቡዳ» ወይም «ጠይብ» ይበቃዋል። ሙያ፦ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ምልክት፦ ዓይኑ ይወጋል። ኃይል፦ በዓይኑ ሰው ይበላል። ምስጢር፦ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል፤ ጆሮው ላይ ጌጥ ያለበት ጅብ ካያችሁ እሱ ነው። መከላከያ፦ ክታብና ጤና አዳም። የሚፈልገው፦ የእናንተን ውበት፣ የእናንተን ልጅ፣ የእናንተን ላም። ቤተሰብ፦ ልጆቹም እንደ እሱ ናቸው፤ በዘር ይወረሳል።

ሙሉ ገጸ ባህርይ ነው። የጆሮ ጌጡ ታሪክ ሳይቀር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛል። ጎበዝ መሪ የሚደሰትበት ዝርዝር ሁሉ አለው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ የሚፈልገው ነገር ሁሉ የእኛ ነው። የራሱ ፍላጎት የለውም። እኛ በሌለንበት ሰዓት ምን እንደሚያስብ የሚነግረን ሰው የለም፤ እኛ በሌለንበት የለምና።

አሁን ደግሞ ቡዳ በላው የተባለ ሰው ሲታከም ምን እንደሚደረግ አስታውሱ። ያላያችሁ ከእናቶቻችሁ ሰምታችኋል። የታመመው ሰው ይጨስበታል፣ ይያዛል፣ «ማነህ? ከየት ያዝከው?» ተብሎ ይጠየቃል። የታመመው እንደ ጅብ ይስቃል ወይም ይጮኻል፤ በኋላ ለፍልፎ የአንድ ጎረቤት ስም ይጠራል። በዚያች ሰዓት እየተናገረ ነው የሚባለው የታመመው ሳይሆን ቀጥቃጩ ነው። «እኔ ነኝ የበላሁት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ» ይላል፤ በሌላ ሰው አፍ።

እውነተኛው ቀጥቃጭ ግን በዚያች ሰዓት ቤቱ ነው። ወናፉን እየነፋ፣ ማረሻ እየሳለ ይሆናል። ማንም ሄዶ አልጠየቀውም። ስለ እሱ በእሱ ስም ሌላ ሰው ተናግሯል፤ አገሩም የእሱን ቃል እንደሰማ ቆጥሯል።

ሆዴን የቆረጠኝ ይህ ነበር። ጨዋታ መሪ የሚያደርገው ነገር ይህንኑ ይመስላል። በሌላ ሰው ድምፅ ይናገራል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ግን ጨዋታ መሆኑን ስለሚያውቁ ጉዳት የለውም። በእኛ መንደር ጨዋታ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። የራሱን ሕይወት የሚኖር ሰው፣ ተጫዋች የሌለው ገጸ ባህርይ አድርገን ያዝነው።

ለምን እሱን መረጥነው? መልሱ በከፊል መሬት ነው። ቤተ እስራኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስታቸውን እንዳጡ ይተረካል። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ ብረት፣ ሸክላ፣ ሽመና፣ ግንባታ። ሌሎችም ባለ ሙያዎች በየአገሩ እንዲሁ ከርስትና ከጋብቻ ውጭ ተደርገው ኖረዋል። ባላገሩ ደግሞ ያለ እነሱ አንድ ቀን አያድርም። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጦሩ፣ ምጣዱ፣ ማሰሮው ከእነሱ ነው። በጣም የምትፈልገው፣ ነገር ግን ማዕድህ ላይ ልታስቀምጠው የማትፈቅደው ሰው ሲኖር፣ ለዚህ ያልተስተካከለ ነገር ምክንያት ያስፈልግሃል። ቡዳነት ያ ምክንያት ነበር። ዕዳህን ሳትከፍል ዕዳ ያለበት እሱ እንዲመስል ያደርጋል። እሱ ነው የሚመኘው፤ እሱ ነው የሚቀናው፤ እሱ ነው የሚበላው።

ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በመንዝ ስላለው የቡዳ እምነት ያጠናውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የጨዋታው የመጀመሪያ እትም በወጣበት በዚያው ዓመት። በጥናቱ ሕዝቡ ራሱን «ቡዳ» የሆነና ያልሆነ ብሎ በሁለት ይከፍላል። ሐጋር ሰላሞን ደግሞ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን አነጋግራ በ1999 ያሳተመችው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» የሚል ርእስ አለው። ጎረቤቶቻቸው የሰጧቸው ስም ባሕር ተሻግሮ ተከትሏቸው ሄዷል ማለት ነው።

ነገሥታቱም ችግሩን ያውቁት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲፈልጉ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ባለ ሙያዎችን ሰበሰቡ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያ ተሠራ፤ እስከ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ የተሳደበ እንደሚታሰርም ዛቱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ደግሞ ርስት አልባነት በሕግ ፊት ቀረ። ምክንያቱ ተነስቶለታል፤ ታሪኩ ግን አልተነሳም። ለመሬት ብሎ የተፈጠረ ገጸ ባህርይ መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላም በየቤቱ ሲነገር ኖረ። እኔም የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ጨዋታ?» ሊለኝ ይችላል። የእህቴ ልጅም እንዲያው አለችኝ። ያልኩትን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ግን ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ፤ ጨዋታው ራሱ በዚህ ነገር ሲጨቃጨቅ ዓመታት ሆኖታል።

ጨዋታው ውስጥ «ኖል» የሚባሉ የጅብ ራስ ያላቸው ፍጡራን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ እንደ ጅብ ሆነው ይታያሉ። በ2014ቱ እትም ደግሞ አመጣጣቸው ተብራርቷል፤ አንድ የአጋንንት አለቃ የገደለውን ሥጋ የበሉ ጅቦች ተለውጠው ኖል ሆኑ፤ ስለዚህ ከተፈጥሯቸው ክፉ ናቸው፤ ምሕረት አያውቁም። ኦርክ የሚባሉትም ሲወለዱ ጀምሮ ወደ ክፋት የሚያዘነብሉ ተደርገው ብዙ ዘመን ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሳታሚው ድርጅት አንዳንድ ዘሮችን በጅምላ ክፉ አድርጎ ማቅረቡ በገሃዱ ዓለም ሰዎች ከተሰደቡበት መንገድ ጋር እንደሚመሳሰል አምኖ እንደሚያስተካክል አስታወቀ። በ2022 አንድ የዝንጀሮ መልክ ያላቸው ፍጡራን ታሪክ የጥቁሮችን ባርነት ያስታውሳል ተብሎ ሲወቀስ ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን ለወጠ። በ2024ቱ የደንብ መጽሐፍ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ በሌላ ተተካ።

በዚህ የሚናደዱ ተጫዋቾች አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ጭራቅ የሌለበት ተረት ተረት አይደለም ይላሉ። ክፉ ክፉ ካልሆነ ጀግናው ምን ይሠራል? እውነታቸውን ነው። አያ ጅቦ ሆዳም ባይሆን ማን ያዳምጠው ነበር? ሐረር ውስጥ ጅብ በከተማው ግንብ ቀዳዳ ይገባል፣ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል፣ በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል፤ ያም ሆኖ ጅብ ጅብ ነው፤ ልጅህን አጠገቡ አታስተኛም። ጅብን መፍራት በደል አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ጎረቤትህን ጅብ ስትለው ነው።

ይህ ልዩነት ለእኔ መስመሩን ያሰመረልኝ ይመስለኛል። በተረት ውስጥ ከተፈጥሮው ክፉ የሆነ ፍጡር መፍጠር ኃጢአት አይደለም። የአንድን ሰው ሙያ፣ ትውልድ ወይም ዓይን ወስዶ የክፋት ምልክት ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ያ ምልክት ከጠረጴዛው ሲነሳ አይቀርም፤ በመንገድ ላይ የሚሸከመው ሰው አለ።

«ታዲያ ልተወው?» አለችኝ። «ከተውኩት እኮ ማንም አያውቀውም። አንተም እስከ ዛሬ አልነገርከኝም።»

ይህ ደግሞ ልክ ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። በስደት የኖርን ሰዎች ይህን ተረት የምንተርተው አገር ቤት ያልነበረውን ማዕረግ እዚህ በሚያወራ ሰው ላይ ነው። እኔ ግን እዚያች ቅዳሜ የተረተብኝ ራሴ ላይ ነው። ለእህቴ ልጅ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ዓድዋ ነግሬያታለሁ። የጠላ ማሰሮውን ማን እንደሠራ አልነገርኳትም። ቁርበቱ ተነጥፎልኝ ተቀምጬበት ነበር።

ስለዚህ አብረን ማሰብ ጀመርን። የመጀመሪያው አማራጭ ቀጥቃጩ በእርግጥ ጅብ እንዲሆን ነው። ይህን ራሷ ሰረዘችው። ሁለተኛው ቀጥቃጩ ንጹሕ እንዲሆን፣ መንደሩ ደግሞ በሐሰት እንዲከሰው ነው፤ ጀግኖቹ መጥተው ያድኑታል። ይህ መጀመሪያ ጥሩ መሰለን። ጥቂት ቆይተን ግን አልተዋጠልንም። ይህኛው ቀጥቃጭ ደግ ነው፣ ይሰቃያል፣ ያለቅሳል፣ ያመሰግናል። አሁንም የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ትናንት የእኛ ፍርሃት ማሳያ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ደግነት ማሳያ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ የተፈጠረው ለእኛ ነው።

ይህንን ስል የተበደለን ሰው ታሪክ አትንገሩ ማለቴ አይደለም። የተበደለ ሰው ግን ከበደሉ ሌላ ሥራ አለው። እዚህ ሲያትል የምንኖር ሰዎች ይህን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠህ ስትውል፣ ወይም ማታ ታክሲ ስትነዳ፣ ወይም በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስትጭን፣ በየቀኑ በብዙ ሰው ታሪክ ውስጥ ታልፋለህ። አንዱ አያይህም። ሌላው «ከየት ነህ?» ይልሃል፤ ኢትዮጵያ ስትለው ፊቱን አሳዝኖ በ1977ቱ ረሃብ ያዝንልሃል። የመጀመሪያው ያበሳጫል። የሁለተኛው ግን ደግ ስለሆነ ልትቆጣው አትችልም፤ አንተ በዚያች ሰዓት የምታስበው የልጅህን የሒሳብ ፈተና ወይም የዕቁብህን ተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሲታክ ከተማ በሰዓት የ15 ዶላር ዝቅተኛ ደሞዝ በሕዝብ ድምፅ ሲጸድቅ፣ ከዘመቻው ጀርባ ከነበሩት የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት አዘኔታ አልነበረም። የሚፈልጉትን በቁጥር ተናገሩ።

«እንግዲያውስ ምን እንደሚፈልግ እንጠይቀው» አለች የእህቴ ልጅ።

አንድ ሰዓት ያህል ቀጥቃጩ ምን ይፈልጋል በሚለው ላይ ተቀመጥን። ከሰል ይፈልጋል፤ ዝናቡ በዝቶ ከሰሉ ረጥቧል። ባለፈው መከር ማረሻ ወስደው ያልከፈሉት ሦስት ገበሬዎች አሉ፤ እህሉን ይፈልጋል። ወናፉ ተቀዷል፤ ቆዳ ይፈልጋል፤ ቆዳ የሚሸጥለት ሰው ግን ዓይኑን ስለሚፈራ በመልእክተኛ ነው የሚገበያዩት። ሴት ልጁ ሙያውን ከወንድሟ የበለጠ ትችላለች፤ እሱ ግን ሸክላ እንድትሠራ ይፈልጋል፤ በዚህ ይጣላሉ። እሱም ያዳላል ማለት ነው። ይህን የጨመረችው እሷ ናት፤ እኔ ደግ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ስለ ጅቡስ? ወሬው ይኑር አለች። መንደሩ ሁሉ ያወራዋል። ጨዋታው ግን እውነት ነው ወይም ውሸት ነው ብሎ አይፈርድም፤ ወሬው ምን እንደሚያደርግ ብቻ ያሳያል። ቀጥቃጩ ራሱ በወሬው የሚጠቀምበት ጊዜም አለ፤ ሌባ ቤቱ አይገባም፤ ያልከፈለ ገበሬ ዓይኑን ካፈጠጠበት ይከፍላል። በአገራችን እንዲህ የሚሉ ነበሩ፤ የተፈራ ሰው ከፍርሃቱ ጥቂት ትርፍ ያገኛል። ይህ እሱን ክፉ አያደርገውም፤ ሌላ መሣሪያ እንዳልተሰጠው ብቻ ያሳያል።

አንድ ደንብ ደግሞ አወጣች፤ ይህንን ደንብ ከእኔ አልሰማችውም። በጨዋታው ውስጥ ማንም ስለ ቀጥቃጩ ሊያወራ ይችላል፤ ስለ እሱ የተወራው ግን እሱ እንዳለው ተደርጎ አይቆጠርም። ማወቅ የሚፈልግ ተጫዋች ቤቱ ድረስ መሄድ አለበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኞቿ መጡ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ጀግኖቹ መንደሩ ገቡ፣ ወሬውን ሰሙ፣ ተደናገጡ፣ ሰይፋቸውን መዘዙ። አንዱ ልጅ ማታ አድፍጠን እንጠብቀው አለ። አንዷ ግን «መጀመሪያ ሄደን እናናግረው» ብላ ተነሳች። ቀጥቃጩ ቤት ደረሱ። «አንተ ጅብ ነህ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችው።

የእህቴ ልጅ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ «ሰይፍሽ ዶልዱሟል» አለቻት። «ልሳልልሽ? ከሰል ካመጣሽልኝ በግማሽ ዋጋ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ «ስምህ ማነው?» አለችው።

ዝምታ ሆነ። ያን ሁሉ ስናወጣና ስናወርድ ስም አላወጣንለትም ነበር። የእህቴ ልጅ ወጥ ቤቱን ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን ወረወርኩላት፤ እሷም ተቀበለችው፤ ጨዋታው ቀጠለ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። በገበያ ቀን እናቴ ጀበናና ምጣድ የምትገዛት አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስታየኝ ትስቅልኛለች። እኔም ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እሸሸጋለሁ፤ ፊቷ ምንም እንዳልበላ ተነግሮኛልና። አንድ ቀን ቆሎ እየበላሁ ድንገት ስታየኝ በእጄ የያዝኩትን ሁሉ መሬት ላይ ጣልኩት። ጎንበስ ብላ ለቀመችና ሳታየኝ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም ወስዳ ለዶሮ በተነችው። ይህን ለብዙ ዓመት አላስታወስኩትም። ከዚያ ቤት በወጣው ጀበና ግን ስንት ዓመት ቡና ጠጥተናል። ስሟን አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። በእኔ ልጅነት ታሪክ ውስጥ ገበያ ስንገባ ትመጣለች፤ ስንወጣ ትጠፋለች።

ማታ አገር ቤት ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «እትዬ፣ ያቺ ጀበና የምትሸጥልን ሴትዮ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች።

«የትኛዋ?» አለችኝ። «ሁለት ነበሩ እኮ።»